በር ከፍቶ ወደ ሌላ ዓለም፦ የመሻገሪያውን ትዕይንት በአነስተኛ በጀት መቅረጽ፣ ከዝግጅት እስከ ኤዲቲንግ

ተዋናዩ የቤቱን በር ይከፍታል፤ ከበሩ ማዶ ግን ሰፈሩ የለም፣ ሌላ ዓለም ነው። በትንሽ ገንዘብ የሚሠሩ የምናብ ፊልሞች በብዛት የሚሰናከሉት እዚህች ትዕይንት ላይ ነው። ማዶ ያለው አገር ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፖስተር ይመስላል፣ የተዋናዩ ፀጉር ዳር ዳሩን አረንጓዴ ያወጣል፣ የውጪው ብርሃን ከግራ እየመጣ የተዋናዩ ጥላም ወደ ግራ ይወድቃል። ጥፋቱ ኤዲተሩ ላይ ይላከካል እንጂ ነገሩ የተበላሸው ካሜራው ሲተከል ነው።

ብዙዎቹ ቤቱን መጀመሪያ ቀርጸው መልክዓ ምድሩን በኋላ ይፈልጋሉ። ገልብጡት። ሌላውን ዓለም ቀድማችሁ ቅረጹ፣ ቤቱን ከእሱ ጋር አስማሙ። ፀሐይን ማዞር አይቻልም፤ ቤት ውስጥ የሚገባውን ብርሃን ግን እንደፈለጋችሁ ታዞሩታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ትዕይንቱን በሦስት ሾት ክፈሉት

ሾት ሀ፦ ቤት ውስጥ። ካሜራው ከበሩ ጎን ሆኖ የተዋናዩን ፊት ያያል። በሩ ሲከፈት ብርሃን ፊቱ ላይ ይወድቃል። ኢፌክት የለውም።

ሾት ለ፦ ቤት ውስጥ። ካሜራው ከተዋናዩ ኋላ ሆኖ በበሩ በኩል ወደ ውጪ ያያል። ግሪን ስክሪን (በኤዲቲንግ ተቆርጦ በሌላ ምስል የሚተካ አረንጓዴ ጨርቅ) የሚያስፈልገው ለዚህ ሾት ብቻ ነው።

ሾት ሐ፦ ሌላው ዓለም ላይ። ካሜራው በሩን ፊት ለፊት እያየ ተዋናዩ ይወጣል። ይሄም ኢፌክት የለውም፤ በሩን ተሸክማችሁት ትሄዳላችሁ።

ሾት ለ ከ3 እስከ 4 ሰከንድ ይበቃዋል። ሲረዝም ተመልካቹ ታሪኩን ትቶ ጠርዝ መፈለግ ይጀምራል። ካሜራውም ፈጽሞ አይንቀሳቀስ። የሚንቀሳቀስ ካሜራ ትራኪንግ (ጀርባውን ከካሜራው እንቅስቃሴ ጋር እኩል ማስኬድ) ይጠይቃል፣ ትራኪንግ ደግሞ ጊዜና ጥሩ ኮምፒውተር ይጠይቃል።

ደረጃ 2፦ ቦታ ምረጡ

ሁሉም መጀመሪያ የሚያስበው ዳሎልን ነው። ለትንሽ በጀት አይሆንም። ከአዲስ አበባ የቀናት ጉዞ ነው፣ ሙቀቱ ቀረጻውን በጠዋት ጥቂት ሰዓታት ይገድበዋል፣ ኩሬዎቹ ቆዳ የሚያቃጥል አሲድ ናቸው፣ ጨዉና ጋዙም ካሜራ ይበላል። ሌላ ዓለም ለመምሰል አንድ እንግዳ ነገር በቂ ነው፤ ወይ መሬቱ፣ ወይ ዕፅዋቱ፣ ወይ ሰማዩ።

- መተሐራ፣ በሰቃ ሐይቅ አጠገብ፦ ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ከጅቡቲው መንገድ ዳር ይታያል። ከአዲስ አበባ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው።
- ሳነቲ፣ ባሌ፦ ጅብራ የበቀለበት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሜዳ። ብርዱና የአየሩ መሳሳት ቡድኑን ያደክማል፤ የመጀመሪያው ቀን ሥራ አይያዝበት።
- ሶፍ ዑመር ዋሻ፣ ባሌ፦ ዓምዶቹ ድንቅ ናቸው፤ ግን ጨለማ ስለሆነ መብራት ይጠይቃል፣ በክረምት የወይብ ወንዝ ይሞላል። የሃይማኖት ቦታ ስለሆነ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ሳታስፈቅዱ አትጀምሩ።

ከዚህ በታች ያለው ልኬት ሁሉ የተሰላው እንደ መተሐራ ላለ ጥቁር ድንጋያማ ሜዳ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የወረዳውን አስተዳደር አስፈቅዱ፣ የመንገዱን ደኅንነትም ጠይቁ። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሆነ የፓርኩ ፈቃድ ለብቻው ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ድሮኑም ቀኑም ሊሄድባችሁ ይችላል።

ቦታውን ስታዩ ቆማችሁ አድማሱን ከዳር እስከ ዳር ቃኙ። የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ የቴሌ ታወር ወይም ተሽከርካሪ ካለ 30 ሜትር ተራመዱና እንደገና እዩ።

ደረጃ 3፦ በሩን ሥሩ

የቤቱን በር ቅጂ ነው የምትሠሩት፤ ስለዚህ ቤቱን ቀድማችሁ ምረጡና በሜትር ለኩ።

1. ውስጡ በለካችሁት ልክ፣ ለምሳሌ 90 በ200 ሳንቲ ሜትር የሆነ መቃን ከሞራሌ አሠሩ። ማዕዘኖቹ በሚስማር ሳይሆን በብሎን ይያያዙ፤ ፈታታችሁ መኪና ላይ ትጭኑታላችሁ።
2. መዝጊያው ከኮምፔንሳቶ ይሁን። ሙሉ እንጨት ከሆነ መቃኑን ይጥለዋል።
3. ማጠፊያው የሚገባበትን ጎን፣ እጀታውን፣ ቀለሙንና ጭረቱን ሳይቀር ከቤቱ በር አስመስሉ። ፎቶ አንስታችሁ ለአናጺው ስጡት። መዝጊያው ወደ ቤት ውስጥ ነው የሚከፈተው።
4. ከመቃኑ ኋላ በሁለቱም ጎን የሦስት ማዕዘን ድጋፍ አድርጉ። እያንዳንዱ እግር ላይ 20 ኪሎ የሚሆን አሸዋ የያዘ ጆንያ ይቀመጥ።
5. 2 በ2.5 ሜትር ጥቁር ጨርቅ ያዙ።

*ከተበላሸ፦* ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነፋሱ የተዘጋ በርን እንደ ሸራ ይገፋዋል። መቃኑ ከተወዛወዘ ከኋላ በኩል አናቱ ላይ ሲባጎ አስራችሁ ወደ መሬት ወጥሩ። አሁንም ካልቆመ መዝጊያውን ፍቱት፤ ሾት ሐ ላይ በሩ የተከፈተ ስለሆነ አለመኖሩ ብዙም አይታወቅም። ድንጋዩ ስለታም ነው፤ በሩን የሚሸከም ሰው ጓንትና ሸፋን ጫማ ይልበስ።

ደረጃ 4፦ የካሜራውን ቁጥሮች ቆልፉ

የሚከተለውን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ትራይፖዱ ላይ ለጥፉ። ሜዳ ላይም ቤትም አንድ ዓይነት ነው።

- የሌንሱ ከፍታ ከመሬት፦ 1.10 ሜትር
- ዘንበል፦ ዜሮ። በውሃ ልክ አረጋግጡ።
- ሌንስ፦ 35 ሚሊ ሜትር በፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው ካሜራ)፣ 24 በክሮፕ (አነስ ያለ) ሴንሰር። በስልክ ዋናው 1ኤክስ ሌንስ፤ ሰፊው ሌንስ አይነካ፣ ዙም አይደረግ።
- የካሜራው ርቀት ከበሩ፦ 4 ሜትር፤ በስልክ 3 ሜትር
- 25 ፍሬም በሰከንድ፣ ሻተር 1/50። የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ 1/50 ወይም 1/100 ብቻ ነው የማያርገበግበው።
- ኋይት ባላንስ፦ 5600 ኬልቪን። ኦቶ አይሁን።
- ጥራት፦ 4ኬ። ፊልሙ በ1080 ቢያልቅም በ4ኬ ቅረጹ። ተራ ካሜራና ስልክ የቀለሙን መረጃ የብርሃኑን መረጃ ሩብ ያህል ብቻ አድርገው ነው የሚመዘግቡት፤ ግሪን ስክሪን ሲቆረጥ ጠርዙ መጋዝ የሚመስለው ለዚህ ነው። 4ኬውን ወደ 1080 ስታወርዱት ጉድለቱ ይካካሳል።

ስልክ የምትጠቀሙ ከሆነ ኤክስፖዠር፣ ፎከስና ኋይት ባላንስ የሚቆልፍ አፕ ጫኑ። ነፃው ብላክማጂክ ካሜራ ሁሉንም ይሠራል።

የከፍታው ነገር ብዙ ሰው ስለሚያልፈው ልብ በሉት። ካሜራው ቀጥ ብሎ 1.10 ሜትር ላይ ከቆመ፣ ሜዳማ አገር ላይ አድማሱ በዚያው መሬት ላይ የቆመን ሁሉ 1.10 ሜትር ላይ ያቋርጠዋል። በሩ ላይ ከእጀታው ትንሽ ከፍ ብሎ ማለት ነው። አድማሱ የተዋናዩ ጆሮ ላይ ወይም ጉልበቱ ላይ ካረፈ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ውሸቱ ይታወቀዋል።

ደረጃ 5፦ ሌላው ዓለም ላይ

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቦታው ድረሱ። የምትቀርጹት ከ1:30 እስከ 3 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐይ አናት ላይ ትወጣለች፣ ዓይን ሥር ጥላ ይሠራል፣ ጥቁሩ ድንጋይም ሙቀት መትፋት ይጀምርና ርቆ ያለው ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

1. በስልክ ኮምፓስ ፀሐይ ያለችበትን አቅጣጫ ያዙ። ከእሷ 45 ዲግሪ ያህል ወደ ግራ ዞራችሁ የምታዩት አቅጣጫ በሩ የሚያየው ነው። በዚህ አቀማመጥ ፀሐይ ከፍሬሙ ውጪ በቀኝ ትቀራለች፣ ብርሃኗም በበሩ በኩል ወደ ቤት የምትገባ ይመስላል።
2. በሩ የሚቆምበትን በሁለት ነጭ ድንጋይ ምልክት አድርጉ፤ መቃኑን ገና አታቁሙ። ካሜራውን ከምልክቱ ኋላ 4 ሜትር ተክሉ።
3. የጀርባውን ሾት ቅረጹ፦ ሰውም በርም የሌለበት፣ 60 ሰከንድ፣ ካሜራው ሳይነካ። ፎከሱ ርቀት ላይ ይሁን፣ ምስሉ ጥርት ይበል። ማደብዘዝ ኤዲቲንግ ላይ ይቻላል፤ ደብዛዛውን ማጥራት አይቻልም። ሌንሱ ላይ የፀሐይ ጨረር ከገባ በካርቶን ከልሉት።
4. ተዋናዩን ምልክቱ ላይ ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ አቁሙና 10 ሰከንድ ቅረጹ። ፊልሙ ውስጥ አይገባም። ቤት ውስጥ ብርሃኑን የምታስማሙበት ማመሳከሪያ ነው፤ የጥላውን አቅጣጫና ርዝመት፣ የትከሻውን ድምቀት ከእሱ ታያላችሁ።
5. አሁን መቃኑን ምልክቱ ላይ አቁሙ። ቀጥ ማለቱን በቱንቢ እዩ፤ እግሩ ሥር ድንጋይ እየሸጎጣችሁ አስተካክሉ።
6. ጥቁሩን ጨርቅ ከመቃኑ ኋላ 1 ሜትር ላይ ወጥሩ። ፀሐይ እንዳይነካው አናቱን ሸፍኑ። ከፊት ሲታይ በሩ ውስጥ ጨለማ ቤት ያለ ይመስላል። ምንም ኮምፒውተር አይነካውም፣ ሁልጊዜም ይሠራል።
7. ካሜራውን ወደ በሩ ፊት አዙሩና ሾት ሐን ቅረጹ። ተዋናዩ በጨርቁና በበሩ መካከል ቆሞ ይጀምራል፣ በቀኝ እግሩ ይወጣል። እግሩን ጻፉት፤ ቤት ውስጥም በቀኝ እግሩ ነው ደፉን የሚረግጠው።
8. በሩ ብቻውን ሜዳ ላይ መቆሙ ከጎን እንዲታይ ከፈለጋችሁ፣ ካሜራው ሳይነካ ሁለት ጊዜ ቅረጹ፦ አንዴ ተዋናዩና ጥቁሩ ጨርቅ ኖረው፣ አንዴ ጨርቁ ተነሥቶ ባዶውን። ከመጀመሪያው ተዋናዩንና የበሩን ክፍተት ብቻ በማስክ (የምስሉን የተወሰነ ክፍል ብቻ ከልሎ በሚያስቀር የኤዲቲንግ መሣሪያ) ታስቀራላችሁ።
9. ሁሉም ሰው ዝም ብሎ 1 ደቂቃ የቦታውን ድምፅ ቅዱ። ነፋስ ማይኩን ከመታው በመኪናው ጥግ ተከለሉ።

የተዋናዩን ልብስ፣ ፀጉርና ጫማ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሡ። በታሪኩ ቤቱ ይቀድማል፣ በቀረጻ ግን ሜዳው ስለቀደመ ጫማው አቧራ ይዞ ይመለሳል። ሳይጸዳ ቤት ከገባ ተዋናዩ ገና ሳይሄድ የተመለሰ ይሆናል።

*ከተበላሸ፦* ደመና ከመጣ ጠብቁ፤ የጀርባው ሾት በፀሐይ፣ ሾት ሐ በደመና ከሆነ አይገጥሙም። ደመናው እስከ 2:30 ካልለቀቀ ሁሉንም በደመና ቅረጹ። ቤት ውስጥም ፀሐይን የሚተካውን መስታወት (ደረጃ 6) ትታችሁ ለስላሳ ብርሃን ትጠቀማላችሁ።

ደረጃ 6፦ ቤቱን አዘጋጁ

ስቱዲዮ አትከራዩ። በሩ ወደ ግቢ የሚከፈት ቤትና የግቢ ጥላ ይበቃል። በሩ ወደ ምዕራብ ከዞረ ጠዋት፣ ወደ ምሥራቅ ከዞረ ከሰዓት ግቢው ጥላ ይሆናል። ጥላ ውስጥ ያለ ጨርቅ ብርሃኑ እኩል ነው፤ ሁለት ፓውዛ አብርታችሁ ከምታገኙት ይሻላል፣ መብራት ሲጠፋም ቀረጻ አይቆምም።

ጨርቁ። 3 ሜትር ስፋትና 5 ሜትር ርዝመት ያለው ጥጥ። ሳቲን ያብረቀርቃልና አይሆንም። ቀለሙ ከሰንደቅ ዓላማው አረንጓዴ ፈካ ያለ ይሁን። በደንብ ተኩሱት፤ እያንዳንዱ እጥፋት ሲቆረጥ መስመር ሆኖ ይወጣል። ከደፉ 2.5 ሜትር ርቃችሁ በሁለት አጠና መካከል ስቀሉት። 3 ሜትሩ ይንጠልጠል፣ ቀሪው 2 ሜትር ሳይታጠፍ ጎበጥ ብሎ ወደ በሩ መሬት ላይ ይዘርጋ። አናቱን ፀሐይ ከነካው ከላይ አቡጀዲ ዘርጉ።

መሬቱ። ትዕይንቱን የሚያድነው ይሄ ነው፣ ሁሉም የሚዘለውም ይሄን ነው። ከደፉ ወዲያ 1 ሜትር በ1.5 ሜትር የሚሆን ቦታ ላይ እውነተኛ ጥቁር ጠጠር 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንጥፉ፤ ወደ 90 ኪሎ ይፈጃል። ከሥሩ ላስቲክ አድርጉ። የተዋናዩ እግር እውነተኛ ጠጠር ይረግጣል፣ ጥላው እውነተኛ ጠጠር ላይ ይወድቃል፤ አረንጓዴው የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። የጠጠሩ ዳር ቀጥ ያለ መስመር አይሁን፣ ወጣ ገባ ይበል። ግቢው ከደፉ ዝቅ ያለ ከሆነ በቺፑድ ከፍ አድርጉት። ጠጠሩን ከግንባታ ዕቃ ሻጭ ግዙ፤ ከፓርክ ድንጋይ አይነሣም።

ፀሐዩ። 60 በ90 የሆነ መስታወት ከቤቱ ጥላ ውጪ፣ ከካሜራው ሲታይ በቀኝ በኩል ከፍሬም ውጪ አቁሙ። ብርሃኑ ደፉ ላይ የቆመውን ተዋናይ እንዲመታ አዙሩት። ጠዋት የቀረጻችኋት ፀሐይ በአማካይ 25 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ነበረች፤ ስለዚህ መስታወቱ ከተዋናዩ በራቀ በየ2 ሜትሩ ከፊቱ 1 ሜትር ያህል ከፍ ይበል። መሰላል ላይ አጥብቃችሁ እሰሩት። የብርሃኑ ምልክት ከቦታው ስለሚሸሽ አንድ ሰው በየ5 ደቂቃው ያስተካክል። ብርሃኑ አረንጓዴውን እንዳይነካ። ሥራ ሲያልቅ መስታወቱን ፀሐይ ላይ ጥላችሁ አትሂዱ፤ ነጸብራቁ ዓይን ይጎዳል።

የቤቱ ውስጥ። አምፖሎቹን አጥፉ። መስኮት ካለ ከፊሉን ጋርዱ፤ ውስጡ ከውጪው ጨለም ማለት አለበት። የብርሃን ዘንግ እንዲታይ ዕጣን ማጤስ ይቻላል፤ በከሰል ከሆነ ግን በመስኮት አየር እየገባ፣ ለደቂቃዎች ብቻ። ዘግታችሁ ከሰል አታንድዱ።

ልብሱ። አረንጓዴ ያለበት ጥበብ አይለበስ። ነጠላ ደግሞ ስስ ስለሆነ አረንጓዴው በውስጡ ያልፋል፤ ኤዲተሩ ሲቆርጠው ነጠላው ይበሳሳል። ገጸ ባሕሪው የግድ መልበስ ካለበት ጋቢ ይሁን። ፊት ላይ ላብና ቅባት ካለ ፓውደር አድርጉ፤ አረንጓዴ ያንጸባርቃል።

ደረጃ 7፦ ሾት ለን ቅረጹ

1. ካሜራውን በደረጃ 4 ቁጥሮች ተክሉ። የበሩ መቃን ላይ 1.10 ሜትር ከፍታ ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፉና 5 ሰከንድ ቅረጹ፣ ከዚያ አንሡት። ኤዲተሩ አድማሱን እዚያ ያሳርፋል።
2. የሜዳውን ማመሳከሪያ ሾት በስልክ አጠገባችሁ ክፈቱ። የጥላው አቅጣጫ እስኪገጥም መስታወቱን አንቀሳቅሱ።
3. በፎልስ ከለር (ካሜራው ወይም አፑ የብርሃን መጠንን በቀለም የሚያሳይበት እይታ) ጨርቁን እዩ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቀለም ማሳየት አለበት። ሌላ ቀለም ያሳየ ጥግ ካለ አቡጀዲውን አስተካክሉ።
4. በሩ ተከፍቶ ተዋናዩ የሌለበትን 10 ሰከንድ ቅረጹ።
5. ትወናውን ቅረጹ። በሩ ይከፈታል፣ ተዋናዩ ይቆማል፣ በቀኝ እግሩ ደፉን ተሻግሮ ጠጠሩን ይረግጣል፣ እዚያው ይቆማል። ሁለተኛ እርምጃ የለም፤ ወደ ሾት ሐ የሚቆረጠው ተረከዙ ጠጠሩን ሲነካ ነው።
6. ሾት ሀን መስታወቱ ሳይነሣ ቅረጹ። መዝጊያው ሲከፈት ብርሃኑ በራሱ ፊቱ ላይ ይጠርጋል።

*ከተበላሸ፦* እጁ ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ከደበዘዘ ሻተሩን 1/100 አድርጉ። ትራይፖዱን ሰው ከነካው ከቁጥር 1 ጀምሩ፤ «ትንሽ ነው» የሚባል ነገር የለም።

ደረጃ 8፦ ኤዲቲንግ

ነፃው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ይበቃል። ቅደም ተከተሉን አታዘበራርቁ።

1. የጀርባውን ሾት ከሥር፣ ሾት ለን ከላይ አድርጉ።
2. መጀመሪያ ማስክ፦ የበሩን ክፍተት ብቻ ከልሉ። ከመቃኑ ውጪ ያለው የቤቱ ግድግዳ ኪየር (አረንጓዴውን ቆርጦ የሚያወጣው መሣሪያ) ፈጽሞ አይነካውም። ብዙ ሰው መላውን ፍሬም ኪይ እያደረገ ሶፋው ሲበሳ ይደነግጣል።
3. በ3ዲ ኪየር አረንጓዴውን ምረጡ። ወደ ጥቁርና ነጭ እይታ ቀይሩ፤ ተዋናዩ ሙሉ ነጭ፣ ጨርቁ ሙሉ ጥቁር እስኪሆን በጥቂቱ አስተካክሉ። አብዝታችሁ ካጠበቃችሁት ፀጉሩ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል።
4. የቀረውን አረንጓዴ ነጸብራቅ በዲስፒል አውጡ።
5. አድማሱን የፕላስተሩ ምልክት ላይ አሳርፉ። ማሳደግ ካስፈለገ ከ110 በመቶ አትለፉ።
6. ጠጠሩና ሜዳው የሚገናኙበትን ለስላሳ ጠርዝ ባለው ማስክ አዋህዱ፣ የጠጠሩን ቀለም ወደ ሜዳው አምጡ።
7. የጀርባውን ሾት በጥቂቱ አደብዝዙና በአንድ ስቶፕ ያህል (ብርሃኑን እጥፍ በማድረግ) አድምቁ። ከጨለማ ቤት የሚታይ ውጪ ሁልጊዜ ደምቆ ነው የሚታየው። ፖስተር የሚያስመስለው በልኩ የተጋለጠ ሰማይ ነው።
8. የውጪው ብርሃን በመቃኑና በትከሻው ጠርዝ ላይ ትንሽ እንዲፈስ አድርጉ። የጀርባውን ሾት ቅጂ በጣም አደብዝዛችሁ ጠርዙ ላይ ብቻ በዝቅተኛ ኦፓሲቲ ደርቡ።
9. ግሬይን (ፊልም መሰል ሸካራነት) እና የመጨረሻ ቀለም በሁለቱም ላይ በአንድ አድጀስትመንት ክሊፕ (ከሥሩ ያለውን ሁሉ በሚቀይር ባዶ ክሊፕ) ስጡ።

*ከተበላሸ፦* ሁሉ ተሠርቶም የተለጠፈ ከመሰለ ምስሉን ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ እዩት። በጥቁርና ነጭ የሚያሳምን ከሆነ ችግሩ ቀለም ነው። እንዲያም ሆኖ ካልገጠመ የብርሃን መጠን ወይም አድማስ ነው፤ ወደ ቁጥር 5 እና 7 ተመለሱ።

ድምፁን በመጨረሻ አስገቡ። በሩ ተዘግቶ እያለ የሜዳው ነፋስ ከፍተኛ ድምፆቹ ተቆርጠው፣ ታፍኖ፣ በስሱ ይሰማ። መዝጊያው ሲከፈት ሙሉ ድምፁ ይግባ። ወደ ሾት ሐ ስትቆርጡ የቤቱን ድምፅ፣ የፍሪጁንም ሆነ የሰፈሩን፣ ከምስሉ 6 ፍሬም ቀድማችሁ ሙሉ በሙሉ ዝጉት።